ተለዋዋጭ ኮከብ በደብተር ይያዛል

የዛሬው ንግግራችን ስለ ከዋክብት ነው። ደብተርና እርሳስ ከአጠገባችሁ ይኑር።

እኔ የምኖረው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ነው። አንድ ምሽት ደጅ ቆሜ አንድ ኮከብ አየሁ። ከቦታው ሳይነቃነቅ ብርሃኑ እየጨመረ ሄደ። «የሚለዋወጥ ኮከብ አገኘሁ!» ብዬ ልጆቼን ጠራሁ። ጥቂት ቆይቶ ኮከቡ እያጓራ በላያችን አለፈ። ለካስ ፊት ለፊት የሚመጣ አውሮፕላን ኖሯል! ልጆቼ ሳቁብኝ። እኔ ግን ተማርኩበት። ከመናገር በፊት ሰዓቱን ጽፎ መጠበቅ ይገባል።

እውነተኛ ተለዋዋጭ ከዋክብት ግን አሉ። አንዴ ይደምቃሉ፣ አንዴ ይደበዝዛሉ። አንዳንዶቹ የሚገኙት ከዋክብት እጅግ ተጠጋግተው በተከማቹበት ስፍራ ነው። ከእነዚህ ክምችቶች አንዱ ኦሜጋ ሴንታውሪ ይባላል። በግንቦት ወር፣ ደመና ከሌለ፣ ከምሽቱ በ4 ሰዓት ገደማ በደቡብ በኩል ይታያል። በቦሌ መብራት መካከል ዓይን አይለየውም። ከከተማ ርቃችሁ አቅርቦ በሚያሳይ መነጽር ብታዩት ግን የተነደፈ ጥጥ ይመስላል። ያ ጥጥ 10 ሚሊዮን ያህል ከዋክብት ነው። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ከቶ አይወጣም። ለእኛ ግን ይወጣልናል።

ሶሎን ቤይሊ የተባለ አሜሪካዊ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1890ዎቹ፣ በፔሩ አገር የተነሡ የዚህን ክምችት ፎቶግራፎች እርስ በርስ አስተያየ። ከ100 የሚበልጡ ተለዋዋጭ ከዋክብትም አገኘ። አብዛኞቹ በግማሽ ቀን ገደማ ፈጥነው ይደምቃሉ፣ ቀስ ብለው ይደበዝዛሉ። ኮከቡ እንደሚተነፍስ ደረት ይነፋል፣ መልሶም ይሟሽሻል።

«ይህ ምን ይጠቅማል?» ትሉ ይሆናል። የእነዚህ ከዋክብት የብርሃን ጉልበት ተቀራራቢ ነው። አንድ ዓይነት ኩራዞች በሜዳ ላይ ቢበሩ፣ ደብዛዛው ሩቅ ያለው ነው። ሃርሎው ሻፕሊ የተባለ ሊቅ በዚህ ዘዴ የክምችቶችን ርቀት ገመተ። በ1918 እ.ኤ.አ. ገደማም ፀሐያችን በፍኖተ ሐሊብ መካከል እንዳልሆነች አስረዳ።

ዛሬም ደመወዝ የማይከፈላቸው ሰዎች በየግቢያቸው ክምችቶችን በቴሌስኮፕና በካሜራ ይከታተላሉ። እናንተ ግን በዓይናችሁ ጀምሩ። በጥር ወር ማታ ሦስት ከዋክብት ተሰልፈው ታያላችሁ። ከእነርሱ በስተሰሜን ያለው ቀላ ያለ ኮከብ ቤቴልጁዝ ነው። በ2012 ዓ.ም. የካቲት ላይ ብርሃኑ በጣም ቀንሶ ነበር። ከእርሱ የሚደምቅ አንድ፣ የሚደበዝዝ አንድ ኮከብ ምረጡ። ለየትኛው እንደሚቀርብ አስተያዩ። ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ። የጠበቃችሁትን ሳይሆን ያያችሁትን ጻፉ።

ፊደል ከቆጠርኩ ገና ወሬ ነው ብላችሁ አትፈሩ። የሚያስፈልገው አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። ዓይን የትናንቱን ይረሳል፤ ደብተር አይረሳም። ኮከቡ መለወጡን የምታውቁት የትናንቱን መስመር ስታነቡ ነው።

ደህና እደሩ።