ከ«1984» እስከ ሰቆጣ


ኦርዌል በ«1984» የሳለው ስክሪን ቀን ከሌሊት ያያል፤ አይጠፋም። እኛ ጋ ነገሩ ተገልብጧል፤ በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ስክሪን ጠፍቶም እንደሚገዛ አየን። ከመቶ ዓመት በላይ ቴሌ ብቻውን ነበር እኮ! ሳፋሪኮም ሥራ የጀመረው ገና በ2015 ነው።

አሁን ደግሞ ፋይዳ አለ፦ አሥር ጣት፣ ዓይን፣ ፊት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ስለ ፈቃድ ይናገራል። ጥሩ። ግን ኽምጣንጋ ብቻ የምትናገር የዋግ እናት በቋንቋዋ ካልተነገራት ምኑን ፈቀደች?

«የግል መረጃ» በኽምጣንጋ ምን ይባል እንደሆነ ሽማግሌዎችን መጠየቅ ጀምሬያለሁ። የሕግና የቋንቋ ክፍል ሰዎች፣ ከሻይ በኋላ እፈልጋችኋለሁ።