አስፋልቱ በሐሩር ለምን ይሰረጉዳል?

በአገር ቤት ሐምሌና ነሐሴ የዝናብ ወራት ናቸው፤ እዚህ ረሖቮት ግን ፀሐይዋ የምትበረታው ያን ጊዜ ነው። በሄርዝል ጎዳናም ሆነ በቂርያት ሞሼ ከአውቶቡስ ስትወርዱ አስፋልቱን አስተውሉት። ጎማ በሚያርፍበት መስመር ቦይ ሠርቶ፣ ዳርና ዳሩ ወደ ላይ ተገፍቶ ታገኙት ይሆናል። በምርኩዝ የሚወርዱ አዛውንትን የሚያደናቅፋቸው ይኸው ነው። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ውኃ ያቁራል፤ መኪናም ያንሸራትታል።

ጥፋቱ የድንጋዩ አይደለም። አስፋልት በክብደት ከመቶ 95 ያህሉ ጠጠርና አሸዋ ሲሆን፣ 5 ያህሉ ጠጠሩን የሚያያይዘው ሬንጅ ነው። ሬንጅ ደግሞ እንደ ሰም ሲሞቅ ይለሰልሳል። አየሩ 35 ዲግሪ ሲሆን ጥቁሩ አስፋልት ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። በዚያ ላይ አውቶቡስ ፍሬን ይዞ ሲቆም፣ ከሚያልፍ መኪና ይልቅ ረጅም ጊዜ ይጫነዋል። ፌርማታውና የትራፊክ መብራቱ አጠገብ ቀድሞ የሚሰረጉደው ስለዚህ ነው።

መድኃኒቱስ? ወላጆቻችን ግድግዳ ሲመርጉ ጭቃውን ብቻውን አይለጥፉም ነበር፤ ጭድ ጨምረው ያቦኩት ነበር። መሐንዲሶችም ሬንጁን እንዲሁ ያደርጉታል። ኤስ ቢ ኤስ የተባለ ጎማ መሰል ፖሊመር ከሬንጁ ክብደት ከመቶ 3 እስከ 6 ሲጨመርበት፣ በውስጡ እንደ መረብ ተዘርግቶ ይይዘዋል፤ ሲጫኑት ይለጠጣል፣ ሲለቁት ይመለሳል። አሮጌ የመኪና ጎማ ፈጭቶ መጨመርም አለ፤ ይህን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካ፣ በበረሃማዋ አሪዞና፣ ቻርልስ ማክዶናልድ የተባለ መሐንዲስ አስፋፋው።

አሜሪካኖች ከ1987 እስከ 1993 ካደረጉት ትልቅ ጥናት ወዲህ ሬንጅ በሚችለው ሙቀት መጠራት ጀምሯል፤ እስራኤልም በዚህ ትሠራለች። 70 የተባለው መንገዱ 70 ዲግሪ እስኪሞቅ፣ 76 የተባለው እስከ 76 ድረስ እንዲጸና የታሰበ ነው። ፖሊመር ያለበት ዋጋው ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ሰፈሩን ሁሉ በእሱ አልብሱልን አንልም። አውቶቡስ በሚቆምበት ላይ ግን ቁጠባው ከንቱ ይመስለኛል። በእርግጥ ከሥር ያለው አፈር ከሰመጠ የትኛውም ቅመም አያድነውም።

እንግዲህ ለማዘጋጃ ቤቱ በ106 ስትደውሉ «መንገዱ ተበላሽቷል» ብቻ አትበሉ። ፌርማታው የት እንደ ሆነ፣ ቦዩ ስንት ጣት እንደሚጠልቅ፣ ከዚህ በፊት ተጠግኖ እንደ ሆነ ተናገሩ፤ አሁንስ የሚለብሰው ሬንጅ ፖሊመር ያለበት መሆኑን ጠይቁ። ዕብራይስጥ ለሚከብዳቸው ወላጆች ልጆች ይደውሉላቸው፤ የአቤቱታውንም ቁጥር ጽፈው ይያዙላቸው።