ኮሚሽን፦ አንድ ቃል፣ ብዙ ሥራ

አንድ ሰው ቤቱን በ4 ሚሊዮን ብር ሊሸጥ ደላላ ያዘ እንበል። የተስማሙበት ኮሚሽን 2 በመቶ ነው፤ 80 ሺህ ብር። ገዢ መጣና «3 ሚሊዮን 800 ሺህ» አለ። ደላላው «ይሽጡት፣ ገበያው ቀዝቅዟል» ይላል። ለምን? ባለቤቱ 200 ሺህ ብር ሲያጣ ደላላው የሚቀርበት 4 ሺህ ብቻ ነው። ሌላ ገዢ ፍለጋ ሳምንታት ከሚንከራተት ዛሬውኑ 76 ሺውን ቢይዝ ይሻለዋል። ይህን የሰውየው ክፋት አልለውም፤ የአከፋፈሉ ጠባይ ነው። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፦ ከገዢውም ይቀበላል? ከተወሰነ ዋጋ በላይ ቢሸጥ ድርሻው ከፍ ይላል?

በኮሚሽን የሚሠራ የሽያጭ ሠራተኛም በሸጠው ልክ ይታሰብለታል። ባንክ ደግሞ ሌተር ኦፍ ክሬዲት ሲከፍት ለአገልግሎቱ ኮሚሽን ይቆርጣል። ወለድ ግን ሌላ ነው፤ እሱ ብድሩ በተበዳሪው እጅ ለቆየበት ጊዜ የሚከፈል ነው።

ታዲያ የሰብአዊ መብት ኮሚሽንስ? የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽንስ? በ1966 የባለሥልጣናትን ጉዳይ እንዲያጣራ የተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽንስ? ቃሉ ያው ነው። የላቲን ሥሩ አደራ መስጠትን ያመለክታል። ሥራ በአደራ የተሰጠው አካል ኮሚሽን ተባለ፤ አደራውን ለተወጣ ሰው የሚከፈለውም እንዲሁ። ለገንዘቡ ግን «የድለላ ክፍያ» የሚል ግልጽ አማርኛ አለን። የቤት ሽያጭ ውል ላይ እሱ ቢጻፍ እመርጣለሁ፤ ከጎኑም ከፋዩ ማን እንደሆነ በስም ይጠቀስ።