በሁለት ቀን ውስጥ የተራራ ፈቃድ ስለ ማግኘት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ከቀድሞ ተማሪዎች አንዱ ስለ ሆንኩና ብዙ ዓመት በካሊፎርኒያ ስለ ኖርኩ፥ «ስለዚያ አገር አንድ ነገር ንገረን» ተብያለሁ። ስለ ትልልቁ ሕንፃና ስለ መኪናው ብዛት ከሌላ ሰው ሰምታችኋል። እኔ የመረጥኩት ሌላ ነው። ይኸውም ሰው በአንድ ቀን በእግሩ ወጥቶ ለሚመለስበት ለአንድ ዝነኛ ተራራ፥ ጉዞው ሁለት ቀን ብቻ ሲቀረው ፈቃድ እንዴት እንደሚገኝ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ጥቂት የሆነ ነገር ለብዙ ፈላጊ እንዴት ይከፈላል የሚል ጥያቄ በውስጡ ስላለ፥ ለተማሪ የማይጠቅም አይደለም። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ተራራው ሃፍ ዶም ይባላል፤ ትርጓሜውም ግማሽ ጉልላት ማለት ነው። የሚገኘው በ1890 በተቋቋመው በዮሰሚቲ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። ግራናይት ከሚባለው ጽኑ ድንጋይ የተሠራ ክብ ጉልላት ሲሆን፥ አንደኛው ጎኑ በቢላዋ እንደ ተቈረጠ ዳቦ ቀጥ ብሎ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 2,690 ሜትር ያህል ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ይህን ሲሰማ ይሥቅ ይሆናል፤ እንጦጦ እንኳ 3,200 ሜትር ገደማ ነው፤ ራስ ዳሸንማ ከ4,500 ሜትር ይበልጣል። ይሁን እንጂ የተራራ አስቸጋሪነት በከፍታ ብቻ አይለካም። መንገደኛው የሚነሣው 1,200 ሜትር ገደማ ከሆነው ከሸለቆው ወለል ስለ ሆነ፥ በአንድ ቀን 1,460 ሜትር ያህል ወጥቶ ያንኑ መውረድ አለበት። ደርሶ መልሱ እንደ መንገዱ ምርጫ ከ22 እስከ 26 ኪሎ ሜትር ሲሆን፥ ለብዙ ሰው ከ10 እስከ 12 ሰዓት ይፈጃል።

ከሁሉም የሚያስፈራው የመጨረሻው 120 ሜትር ነው። እዚያ መንገድ የለም። ያለው ግራና ቀኝ የተዘረጋ ሁለት የብረት ገመድ፥ ገመዱን የሚሸከሙ ምሰሶዎችና በየምሰሶው ሥር እንደ ደረጃ የተጋደመ ሳንቃ ነው። መንገደኛው በሁለት እጁ ገመዱን ጨብጦ፥ በሚያንሸራትተው ድንጋይ ላይ ራሱን እየሳበ ይወጣል። በ1860ዎቹ የካሊፎርኒያን ምድር ያጠኑ ሊቃውንት ይህን አናት የሰው እግር አይረግጠውም ብለው ጽፈው ነበር። ሆኖም ጆርጅ አንደርሰን የሚባል ሰው ድንጋዩን እየበሳ ብረት እየተከለ በ1875 ወጣበት። የዛሬውን ዓይነት የብረት ገመድ ደግሞ በ1919 ሲዬራ ክለብ የሚባለው ማኅበር ዘረጋበት።

ገመዱ ከተዘረጋ በኋላ ጕልበት ያለው ሁሉ መውጣት ቻለ። ችግሩም የመጣው ከዚሁ ነው። ሰው በሚበዛበት ቀን እስከ 1,200 የሚደርስ ሕዝብ ይወጣ ጀመር። የሚወጣውም የሚወርደውም በዚያው በጠባቡ ገመድ መካከል ስለ ሆነ፥ አንድ ሰው ፈርቶ ቢቆም ከበላዩና ከበታቹ ያለው ሁሉ ይቆማል። ደመና ሲመጣ ደግሞ ፈጥኖ መውረድ አይቻልም። በዚያ አናት ላይ ከመብረቅ መጠጊያ የለም፤ በ1985 ሐምሌ ወር መብረቅ አምስት ሰዎች መትቶ ሁለቱን ገድሏል። ዝናብ ሲነካው ድንጋዩ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል።

ስለዚህ የፓርኩ አስተዳደር በ2010 ከዓርብ እስከ እሑድ ላሉት ቀናትና ለበዓላት ፈቃድ እንዲያስፈልግ ደነገገ። ሕዝቡ ፈቃድ ወደማይጠየቅባቸው ቀናት ስለ ዞረ፥ በ2011 ደንቡ ለሳምንቱ ቀናት ሁሉ ሆነ። በዚያን ጊዜ ፈቃዱ የሚሰጠው ቀድሞ ለደረሰ ነበር። ውጤቱ ምን ሆነ? ፈቃዱ ለማመልከቻ በተከፈተ በጥቂት ደቂቃ አለቀ፤ አንዳንዶችም ለራሳቸው ሳይሆን ለንግድ ወስደው በውድ ዋጋ ለሌላ ይሸጡት ጀመር። ከ2012 ወዲህ ግን በዕጣ ሆነ። በቀን እንዲወጣ የሚፈቀደው ሰው ቍጥር 300 ነው፤ ከዚህም 225 ያህሉ በዕለቱ ደርሰው የሚመለሱ ሲሆኑ፥ የቀሩት በዱር የሚያድሩ መንገደኞች ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዕጣው ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ትልቁ ዕጣ ነው፤ ማመልከቻው በመጋቢት ወር ይቀርባል፥ መልሱም በሚያዝያ አጋማሽ ይታወቃል። ነገር ግን ሰው ሁሉ በመጋቢት ወር ስለ ነሐሴ ማሰብ አይችልም። ሥራ አለ፤ ሕመም አለ፤ ድንገት የሚመጣ እንግዳ አለ። ለዚህ ዓይነቱ ሰው ሁለተኛው ዕጣ ተዘጋጀለት። ፈቃድ አግኝተው የሚተዉትና የሚቀሩት ሰዎች ስለሚገመቱ፥ ገመዱ ተዘርግቶ በሚቆይባቸው ወራት በየቀኑ 50 ያህል ፈቃድ በዕጣ ይሰጣል።

የሚመለከተውም ሊሄድ ከሚፈልግበት ቀን ሁለት ቀን አስቀድሞ ነው። ለረቡዕ የሚፈልግ ሰኞ፥ ለቅዳሜ የሚፈልግ ሐሙስ ያመለክታል። በሩ የሚከፈተው በእኛ አቈጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን፥ ከቀትር በኋላ በ10 ሰዓት ይዘጋል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ያመለከተና 10 ሰዓት ሊሞላ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ያመለከተ እኩል ናቸው፤ መቅደም ምንም አይጠቅምም። የማመልከቻው ዋጋ 10 ዶላር ነው፤ ዕጣው ባይወጣም አይመለስም። ዕጣ የወጣለት ለያንዳንዱ ሰው ሌላ 10 ዶላር ይከፍላል። በአንድ ዕጣ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያመለክተው፤ ስሙን ደጋግሞ ያስገባ ይሰረዝበታል። መልሱ በዚያው ቀን ሌሊት ይመጣል።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቁም። እኛ ዕጣን በእቁብ እናውቀዋለን። የእቁብ ዕጣ ግን ዛሬ ባይደርስህ በሚመጣው ሳምንት ወይም ወር፥ ቢዘገይም በመጨረሻው ይደርስሃል፤ የሚያከራክረው ጊዜው ብቻ ነው። የተራራው ዕጣ እንዲህ አይደለም። ዐሥር ጊዜ የጣለ ሰው ዐሥር ጊዜ ሊያጣ ይችላል። ደግሞም እኛ ደጅ መጥናትን እናውቃለን፤ ጕዳዩ የጠና ሰው አማላጅ ይፈልጋል፥ የባለሥልጣን ዘመድ ያፈላልጋል። በዚህ ዕጣ ግን የሚጠናበት ደጅ የለም። የሀብታሙ 10 ዶላርና የድኻው 10 ዶላር አንድ ናቸው። ፈቃዱን መግዛትም መሸጥም ክልክል ነው። ፈቃድ ሳይኖረው የወጣ ሰው እስከ 5,000 ዶላር የሚደርስ መቀጮ ወይም እስከ ስድስት ወር እስራት ሊፈረድበት ይችላል።

ታዲያ የሰው ብልኀት ምን ላይ ይውላል? በሁለት ነገር ላይ ነው። አንደኛው ቀን መምረጥ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ሁሉም ስለሚመኛቸው ዕድሉ የጠበበ ነው፥ የሥራ ቀን ግን ሰፋ ይላል። ሁለተኛውና ዋናው ዝግጅት ነው። መልሱ ሰኞ ሌሊት መጥቶ ጉዞው ረቡዕ ንጋት ከሆነ፥ በመካከል ያለው ማክሰኞ ብቻ ነው። በዚያ አንድ ቀን ጫማ ማለማመድ፥ እግርን ማጠንከር አይቻልም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው እዚህ ላይ ይሠራል። ፈቃዱ በመጨረሻው ሰዓት ይገኛል እንጂ ዝግጅቱ በመጨረሻው ሰዓት አይገኝም።

እኔና ሁለት ወዳጆቼ ከኦክላንድ ከተማ ስናመለክት፥ ለሳምንታት በየእሑዱ ዳገት ስንወጣ ከርመን ነበር። አለቆቻችንንም «ዕጣ ከወጣልን ሁለት ቀን ፈቃድ ስጡን፥ ካልወጣልን እንሠራለን» ብለን አስቀድመን ተነጋግረናል። ሁለት ጊዜ አጣን፤ ሁለቱንም ጊዜ በማግስቱ ሥራ ገባን። በሦስተኛው ደረሰን። ማክሰኞ አራት ሰዓት ያህል በመኪና ተጕዘን ደረስን፤ ረቡዕ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ በባትሪ ብርሃን መንገድ ጀመርን። እያንዳንዳችን አራት ሊትር ውሃ፥ ስንቅ፥ የዝናብ ልብስና ገመዱ እጅ እንዳይልጥ ጓንት ይዘናል። 97 ሜትር ከፍታ ያለውን የቨርናልን ፏፏቴ፥ ቀጥሎም 181 ሜትር የሚሆነውን የኔቫዳን ፏፏቴ አልፈን፥ ረፋዱ ላይ ከዋናው ጉልላት በታች ካለችው ትንሽ ጉልላት ሥር ደረስን።

እዚያ አንዲት የፓርኩ ጠባቂ ፈቃድና መታወቂያ ትመለከት ነበር። ከፊታችን አራት ወጣቶች ቆመዋል። ወረቀታቸው እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ስሟ በወረቀቱ ላይ ያለው የጉዞ መሪያቸው ታማ በማደሪያቸው ቀርታለች፥ ተጠባባቂ መሪም አላስመዘገቡም። ደንቡ ደግሞ መሪው ወይም ተጠባባቂው ከጓዶቹ ጋር ካልተገኘ ፈቃዱ አይሠራም ይላል። ከሩቅ አገር እንደ መጡ ነገሯት፤ ለመኗት። ጠባቂዋ በትሕትና አዳመጠቻቸው፥ ማዘኗም ይታይ ነበር፤ ነገር ግን አላሳለፈቻቸውም። እነርሱም አልተሳደቡም። ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ስንቃቸውን በሉና ቍልቍል ተመለሱ። እኔ ከአናቱ ላይ ካየሁት ሰፊ ሸለቆ ይልቅ ይህ በልቤ ቀርቷል። ጠባቂዋ ለአራቱ ብትራራ፥ በቤታቸው ዕጣ አጥተው የቀሩትን ሰዎች በደለች ማለት ነው። እነዚያ ግን በፊቷ ቆመው የሚለምኑ አይደሉም። ደንብ የሚያስፈልገው በፊታችን ቆሞ ለማይለምነው ሰው ጭምር ነው።

ፈቃድ ማግኘት ማለት የግድ መውጣት ማለት እንዳይመስላችሁ። ወረቀቱ ከመብረቅ አያድንም። ጥቁር ደመና የታየ እንደ ሆነ፥ ሦስት ጊዜ ዕጣ ጥሎ ያገኘውም ሰው ቢሆን ከገመዱ ሥር መመለስ አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ይህን ያህል ደክሜ ያገኘሁትን እንዴት እተወዋለሁ» ይላል። ተራራው ግን የደከምክበትን አይቈጥርልህም።

ዕጣ ላልወጣለት ደግሞ የሚያጽናና ነገር አለ። በዚያው ፓርክ ውስጥ ክላውድስ ሬስት የሚባል ሌላ ተራራ አለ፤ ትርጓሜውም የደመናዎች ማረፊያ ማለት ነው። ከፍታው 3,025 ሜትር ያህል ነው፤ በአንድ ቀን ደርሶ ለሚመለስ ዕጣ አይጠየቅበትም። ከአናቱ ላይ የቆመ ሰው ያን ዕጣ የሚጣጣሉበትን ሃፍ ዶምን ቍልቍል ይመለከተዋል። ያጣ ሰው ካገኘው ሰው በላይ ይቆማል ማለት ነው። ዝናና ከፍታ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

ውድ ተማሪዎች ሆይ፤ በአገራችንም ተራራ ሞልቷል። የስሜን ተራራዎች ፓርክ በ1969 የተቋቋመና በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት ከመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ ነው። ወደዚያ የሚሄድ መንገደኛ ደባርቅ ላይ ከፍሎና ጠባቂ ይዞ መግባቱ የቆየ ልማድ ነው። ዋልያና ጭላዳ በሚሰማሩበት ገደል ላይ አንድ ቀን ሕዝብ ቢበዛ፥ ማን ይግባ ማን ይቅር ብሎ የሚወስነው ከእናንተ አንዱ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ይህን ንግግር አስታውሱት።

እስከዚያው ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም። በቤተ መጻሕፍታችሁ አንድ መጽሐፍ ኖሮ አርባ ተማሪ ሲፈልገው፥ ጕልበተኛው ወይም የመምህሩ ወዳጅ አይውሰደው። አርባ ወረቀት ጠቅልላችሁ በሁሉም ፊት ዕጣ አውጡ። የደረሰው በተባለው ቀን ይመልሰው፤ ያልደረሰው ሳያጕረመርም ሌላ መጽሐፍ ያንብብ፥ ምናልባት የተሻለውን ያገኝ ይሆናል። ዕጣው ሲወጣ ግን ሁላችሁም ተዘጋጅታችሁ ተገኙ።