«ተዘዋዋሪ» የሚለው ቃል ምን ያስገድዳል? ስለ ወጣቶች ፈንድና ስለ ሥራ ዕድል አቆጣጠር የተደረገ ንግግር



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ቃል ዙሪያ ነው። የኢትዮጵያ ወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በአዋጅ ቁጥር 995/2009 ሲቋቋም 10 ቢሊዮን ብር ተመድቦለት ነበር። ውጥኑ በምክር ቤቶቹ መክፈቻ ላይ የተነገረው በመስከረም 2009 መጨረሻ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ማግስት ነው። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ያኔ ልጆች ነበራችሁ። ይህን የማነሣው ለወቀሳ ሳይሆን የፈንዱ አወላለድ የኋላ ጠባዩን ስለሚያስረዳልኝ ነው። በአደባባይ የተነሣው የወጣቱ ጥያቄ ፈጣን መልስ ይሻ ነበር፤ ፈጣን መልስ ደግሞ ቶሎ የሚታይ ቁጥር ይሻል።

አሠራሩ አጭር ነው። ገንዘቡ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በኩል ወደ ብድርና ቁጠባ ተቋማት ይወርዳል፤ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 34 ዓመት የሆኑ ወጣቶች ተደራጅተውና የሥራ ዕቅድ አቅርበው ይበደራሉ። (በ1996 የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ግን ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው፤ የ32 ዓመት ሰው በፖሊሲው ጎልማሳ፣ በፈንዱ ወጣት ነው።)

«ተደራጁ» የሚለው ጥሪ በቂ ምክንያት አለው። ቤትም መሬትም የሌለው ወጣት ለባንክ የሚያሲዘው ነገር የለውም፤ ስለዚህ ጓደኞቹ ዋስ ይሆኑታል። ችግሩ መደራጀት የብድር ቅድመ ሁኔታ ሲሆን የሚሰበሰበው ሰው በሙያ የሚተዋወቅ ላይሆን መቻሉ ነው። ቅጹ አምስት ስም ከጠየቀ አምስት ስም ይሞላል። ከአምስቱ ሁለቱ ዓረብ አገር ቢሄዱ ወይም ሌላ ሥራ ቢያገኙ ዕዳው በቀሩት ሦስቱ ትከሻ ላይ ይቆያል። በዚህ ላይ የአንድ ወረዳ ማኅበራት ዕቅድ ይመሳሰላል፤ ዶሮ እርባታ፣ ከብት ማድለብ፣ ብሎኬት ማምረት። ለሁሉም መነሻ ገንዘብ ተሰጠ፤ ገበያው ግን ያው የቀድሞው ገበያ ነው። ሁሉም ዶሮ ካረባ የእንቁላሉ ዋጋ ይወርዳል፤ የመኖው ዋጋ ግን አብሮ አይወርድም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ አቆጣጠሩ ነው። በሪፖርቶቻችን «ለይህን ያህል ወጣቶች የሥራ ዕድል ተፈጠረ» ይባላል። ግሡን ልብ በሉት፤ ማን ፈጠረው፣ እስከ መቼስ ቆየ? ብድሩ በተፈረመበት ዕለት አምስት ተብሎ የተመዘገበው ማኅበር በዓመቱ ቢበተንም አምስቱ ከድምሩ አይቀነሱም። የተሠራጨው ብር እንደ ውጤት ይቀርባል፤ የተመለሰው ብር ግን በብዙ ስፍራ ከታሰበው በታች ሆኖ ሳለ የሚነገረው በለሆሳስ ነው። አብዛኛው ተበዳሪ አታላይ ነው አልልም። ከተቃውሞ ማግስት የመጣን ገንዘብ እንደ ካሣ የቆጠረ ወጣት ቢኖር እንኳ አልደነቅም።

እዚህ ላይ ነው ቃሉ የሚያስገድደን። ተዘዋዋሪ ማለት የመጀመሪያው ተበዳሪ የመለሰው ለሁለተኛው ይደርሳል ማለት ነው። ያልተመለሰ ብድር መንግሥትን ብቻ አያከስርም፤ ተራውን የሚጠብቀውን፣ ስሙ በየትኛውም ሪፖርት የሌለውን ወጣት ያከስራል። የተመለሰውም ቢሆን በዋጋ ንረት ይሸረሸራል። ፈንዱ ሲቋቋም የአንድ ዶላር ምንዛሪ ከ22 ብር ብዙም አይበልጥም ነበር፤ በሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ግን ከ100 ብር አልፏል። ያኔ ማሽን ከውጭ ያስገባ የነበረ የብድር መጠን ዛሬ የማሽኑን ጥቂት ክፍል ቢያስገባ ነው።

የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለምትፈልጉ ተማሪዎች አንድ ሐሳብ ልተው። አንድ ወረዳ ምረጡ። በ2009 እና በ2010 የተደራጁትን ማኅበራት ዝርዝር ይዛችሁ ከቤት ወደ ቤት ሂዱ፤ ስንቱ ዛሬም ይሠራል፣ ስንቱ ሌላ ሰው ቀጥሯል፣ በመለሰው ገንዘብስ ማን ተበድሯል? ከሁሉም በላይ ሁለተኛውን ተበዳሪ ፈልጉት። እርሱን በስም ማግኘት ካልቻላችሁ፣ ያን ራሱን እንደ ግኝት ጻፉት።