ማንነት፣ ተፈጥሮ፣ እምቢታ፤ ስለ ወጣቶቻችን የሥዕል ዐውደ ርእይ ለነዋሪው የተደረገ ንግግር

(በማኅበሩ አዳራሽ ለተሰበሰቡት አባላት በጸሐፊው የተነበበ። መምጣት ላልቻላችሁ እንዲደርሳችሁ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



ዛሬ የተሰበሰብነው ስለ ድንኳንም ስለ ወርኃዊ መዋጮም አይደለም። እንደሚታወቀው ወጣቶቻችን ማመልከቻ አስገብተዋል። ይኸውም ይህን አዳራሽ ለስምንት ቀን እንድንፈቅድላቸውና በጋራ የሠሩትን ሥዕልና ቅርጽ ለነዋሪው እንዲያሳዩ ነው። ርእሱንም «ማንነት፣ ተፈጥሮ፣ እምቢታ» ብለውታል።

ማመልከቻው ከደረሰን ወዲህ ብዙ ሰምተናል። ግማሹ «ይሁን» ሲል ግማሹ «ሥዕል እንጀራ አይሆንም» ይላል። «እምቢታ ደግሞ ምን ማለት ነው? ኋላ ጣጣ እንዳያመጣብን» ያሉም አሉ። ስለዚህ እጅ ከመቆጠሩ በፊት ሦስቱን ቃላት አንድ በአንድ ዘርዘር አድርገን ማስረዳት ይገባናል ብለን ቀርበናል።

ከማንነት እንጀምር። ሥዕል ከውጭ የመጣ የሀብታም ጨዋታ የሚመስለው ሰው አለ። ነገሩ እንዲያ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ፣ የብራና ክታብ፣ እናቶቻችን በሞሰብ ላይ የሚያወጡት ጥለት፣ ይህ ሁሉ ሥነ ጥበብ ነው። የዘመናችን ታላላቅ ሠዓሊዎችም የተነሡት ከዚሁ ነው። እስክንድር ቦጎሲያን በ1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልዶ፣ ለንደንና ፓሪስ ተምሮ፣ እዚሁ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምሮ፣ ኋላም ዋሽንግተን በሚገኘው ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ረዥም ዘመን ያስተማረ ሰው ነው። ያን ያህል አገር ዞሮ ሥዕሉ ላይ የሚታየው ምንድን ነው? የክታቡ ዓይን፣ የክታቡ መስመር፣ ብራናው ራሱ ነው።

ገብረ ክርስቶስ ደስታንም እንውሰድ። ሐረር ተወለደ፤ አባቱ የሃይማኖት መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ ሰው ነበሩ። እሱ ጀርመን አገር ሄዶ ዘመናዊውን አሣሣል ተማረና ተመልሶ አስተማረ። ከዚያ በኋላ ተሰደደ፤ በ1973 ዓ.ም. አሜሪካ ሳለ ሞተ። ሰውየው ወደ አገሩ ባይመለስም ጀርመን የቀሩት ሥዕሎቹ ተመልሰው ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስሙ በተሰየመው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ይገኛሉ። እንግዲህ አስቡት፤ ሰው ሲሄድ የሠራው ይቀራል፣ ስለ እርሱም ይናገራል። በቅርቡም እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ በጣሊያኗ ቬኒስ በሚደረገው ትልቁ የዓለም የሥነ ጥበብ ትርዒት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ቦታ አግኝታ ስትቀርብ፣ የቀረበው የተስፋዬ ኡርጌሳ ሥዕል ነው። እሱም ጀርመን ብዙ ዓመት ኖሮ ወደ አዲስ አበባ የተመለሰ ነው። የሚሥለውም በሰው አገር «አንተ ማነህ?» እየተባለ ስለሚኖር ሰው ነው። ልጅ ወይ ዘመድ ውጭ አገር ያላችሁ ይህን ከእኛ የበለጠ ታውቁታላችሁ።

ወደ ተፈጥሮ እንምጣ። መካኒሳ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተውን ዞማ ሙዚየም ያያችሁ አላችሁ። ያላያችሁ ሂዱና እዩ። መሥራቾቹ ወይዘሮ መስከረም አሰግድና ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ናቸው። ቤቶቹ የተሠሩት በምን ይመስላችኋል? በጭቃና በጭድ ነው! እኛ «የጭቃ ቤት» ብለን የምናፍርበት፣ ልጆቻችንም ለጓደኛ ለማሳየት የሚደበቁበት ነገር እዚያ ጥለት ወጥቶለት ቆሟል፤ ከባሕር ማዶ ሳይቀር ሰው ይመጣል። ጭቃው ከጭድ ጋር እንደሚቦካ፣ በደንብ ካልሰነበተ እንደሚሰነጠቅ፣ እዚህ ያሉት አባቶቻችን ያለ መጽሐፍ የሚያውቁት ሙያ ነው። ግቢው ደግሞ አትክልት የሚበቅልበት፣ ከብት ያለበት ነው።

ይኸው ኤልያስ ስሜ የተጣለ ነገር ነው የሚሠራበት። ድሮ ቁልፍና ቆርኪ ይሰበስብ ነበር። ኋላ ደግሞ ከመርካቶ የተበላሸ የኮምፒዩተር ዕቃና የኤሌክትሪክ ሽቦ እየገዛ፣ ሽቦውን እንደ ሸማ ጥበብ እየጠለፈ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ትልልቅ ሥራ ያወጣል። ከሩቅ ሲያዩት ማሳና ተራራ ይመስላል። ቀረብ ሲሉ ግን ሌላ ሰው «አረጀ» ብሎ የጣለው ነው። የእኛም ወጣቶች ይህንኑ ተከትለው ከወንዛችን ዳር ባነሡት ፕላስቲክ ወንዙን ራሱን ሠርተውታል። ማን እንደጣለው አይናገሩም። ያየው ግን ሁለተኛ ከመጣሉ በፊት ያስባል ብለን እንገምታለን።

አሁን ብዙ ወሬ ወዳስነሣው ቃል እንለፍ፤ እምቢታ። እምቢታ ስድብ አይደለም፤ ድንጋይ መወርወርም አይደለም። ስድስት ኪሎ የቆመውን የየካቲት 12 ሐውልት ሁላችንም እናውቀዋለን። በ1929 ዓ.ም. የፋሺስት ወታደሮች ሕዝባችንን ሲጨፈጭፉ የነበረው ግፍ በድንጋዩ ዙሪያ ተቀርጿል። ያ ሐውልት የሚለው «አንረሳም» ነው። ይህ አንዱ እምቢታ ነው።

ሌላው የሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ የአፍሪካ አዳራሽ መስታወት ነው። አዳራሹ በ1953 ዓ.ም. ተመርቆ፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በግንቦት 1955 ዓ.ም. የተመሠረተበት፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ታድሶ እንደገና የተመረቀ ነው። ባለቀለሙ መስታወት 150 ካሬ ሜትር ይሆናል። በሦስት ተከፍሎ የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ ትግሏንና ተስፋዋን ያሳያል። አዳራሹ ሲመረቅ አልጄሪያ ነጻ አልወጣችም፤ ኬንያም አልወጣችም፤ አንጎላና ሞዛምቢክ ገና 14 ዓመት ይቀራቸው ነበር። ሠዓሊው ግን ነጻነቱን አስቀድሞ ሣለው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። አፈወርቅ በ15 ዓመቱ እንግሊዝ አገር የተላከው የማዕድን ምሕንድስና ሊማር ነበር። «ሥዕል እንጀራ አይሆንም» የሚል ምክር ያን ጊዜም አልጠፋም ይሆናል። እሱ ግን ወደ ሥዕሉ ዞረ። መሐንዲስ ያስፈልገናል፤ ያን መስታወት የሠራልንም ያስፈልገናል።

ታዲያ የእኛ ልጆች እምቢታ ምንድን ነው? እንናገረው። ሰፈራችን በመልሶ ማልማት ዕቅድ ውስጥ እንደ ገባ ከተነገረን ወዲህ እንቅልፍ የለንም። ማን ወዴት እንደሚሄድ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚቀር አናውቅም። ቤቱ የሚፈርስበት ቀን ሊመጣ ይችላል፤ ያን የምንወስነው እኛ አይደለንም። ልጆቹ ግን በስምንት ወር ውስጥ እያንዳንዱን ደጃፍ፣ ቦኖውን፣ የወይራውን ዛፍ፣ የጉልቷን ነጋዴ ከነጃንጥላዋ ሥለዋል። ከሥዕሉ ሥር ቤቱን ማን እንደሠራው ባለቤቱ ከፈቀደ ይጻፋል። «አንረሳም» ማለታቸው ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ዕድራችንስ ቢሆን ምንድን ነው? ሰው ብቻውን አይቀበርም ብሎ እምቢ ማለት አይደለምን?

እንግዲህ ቅር ላላችሁ ወገኖች ከወጣቶቹ ጋር የተስማማንበትን እንግለጽ።

አንደኛ፣ አዳራሹ ለለቅሶ የተሠራ ነውና ኀዘን ቢደርስ ሥዕሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይነሣል፤ አግዳሚ ወንበሮቹም ከቦታቸው አይርቁም።

ሁለተኛ፣ ግድግዳው ላይ ሚስማር አይመታም፤ ሁሉም በሲባጎ ይንጠለጠላል።

ሦስተኛ፣ መግቢያ በነጻ ነው። የመብራቱን ወጪ ወጣቶቹ ራሳቸው አዋጥተው ይከፍላሉ።

አራተኛ፣ ቁልፉ ከጽሕፈት ቤቱ አይወጣም፤ ሌሊት ሁለት ወጣቶች በተራ ያድራሉ።

ከነዋሪው የምንለምነው ደግሞ አንድ ነገር ነው። አሮጌ ፎቶግራፍ ያላችሁ ለስምንቱ ቀን አውሱን። ስማችሁ ተመዝግቦ በፊርማ እንረከባለን፣ በፊርማ እንመልሳለን። ፎቶግራፍ የሌላችሁ እናቶችና አባቶች ደግሞ ከሰዓት በኋላ ብቅ እያላችሁ «ይህ የእነእገሌ ቤት ነበር፣ እዚህ ጋ ምንጭ ነበር» ብላችሁ ለልጆቹ ንገሯቸው። እነሱ የሚሥሉት እናንተ የምታስታውሱትን ነውና።

አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፤ የሚቃወምም ሳይሸማቀቅ ይናገር። ከዚያ በኋላ እጅ እናወጣለን።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት