«ቴክ ኦቨር» ሲባል ተረከበች ነው ወይስ ነጠቀች?

የዛሬዋ የእንግሊዝኛ ቃላችን «ቴክ ኦቨር» ናት። የመረጥኳት ሰብሳቢያችን በሚቀጥለው ወር አገሯ ስለምትገባ ነው። እዚህ ቤይሩት ከፊሊፒንና ከኬንያ እህቶች ጋር ስንሰበሰብ «ማን ቴክ ኦቨር ታደርጋለች?» መባሉ አይቀርም።

«ጌም ኦቨር» የለመደ ጆሮ «ኦቨር» ሲሰማ «አለቀ» ይመስለዋል። እዚህ ግን ያለቀ ነገር የለም። አንዷ የያዘችውን ሥራ ወይም ሥልጣን ሌላዋ ያዘችው ማለት ነው። ዓረብኛውን «ኢስተለመ» የምታውቁ ቶሎ ይገባችኋል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ በአማርኛችን ባለቤቱ አስረክቦ ከሆነ «ተረከበ» እንላለን፤ በጉልበት ከሆነ «ነጠቀ»። እንግሊዝኛው ለሁለቱም «ቴክ ኦቨር» ይላል። በ2010 ዓ.ም. አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ እለቃለሁ ብለው ሲለቁ ዶክተር ዐቢይ አሕመድ ቴክ ኦቨር አደረጉ። ደርግ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ንጉሡን አውርዶ ሥልጣን ሲይዝም ያው ቴክ ኦቨር ነው። ቃሉ አንድ፣ ነገሩ የሰማይና የምድር ያህል!

ላለፈ ነገር «ቱክ ኦቨር» ይሆናል። ታዲያ «ሺ ቱክ ኦቨር» ብላችሁ ዝም ካላችሁ ሰሚዋ «ቀማቻት እንዴ?» ልትል ትችላለች። የገንዘብ ደብተር ባለበት እንዲህ ያለ ወሬ ማኅበር ያፈርሳል። «ፍሮም» ብላችሁ የቀድሞዋን ስም ጨምሩ፤ ብዙ ጊዜ መተካካትን ያሳያል። «ዊ አስክድ ኸር ቱ ቴክ ኦቨር»፣ ማለትም እንድትረከብ ጠየቅናት፣ ካላችሁማ ማንም አይጠራጠርም።

በሥራ ቤትም ትመጣለች። ማዳም ልትጓዝ ስትል «ዩ ቴክ ኦቨር» ካለች ቤቱን ሰጠችሽ ማለት አይደለም (ምነው በሆነ!)፣ ኃላፊነቱን ነው እንጂ። ልጆቹን ብቻ ነው ወይስ አሮጊቷንም? መድኃኒቷን የሚገዛው ማነው? እስከ መቼ? «አንቲል ዌን?» በሉ። የአስቤዛ ገንዘብ ከሰጠቻችሁ ፊቷ ቁጠሩ፣ ደረሰኙን አስቀምጡ። ሲጎድል የምትጠየቀው የተረከበችው ናት።

የምትለቀው «ሃንድ ኦቨር» ታደርጋለች፣ የምትረከበው «ቴክ ኦቨር»። የእኛ ርክክብ የፊታችን እሁድ ነው። መጀመሪያ እጅ አውጥተን እንመርጣለን፤ ከዚያ ደብተሩ፣ የሳጥኑ ቁልፍና ገንዘቡ በሁለት ምስክር ፊት ይቆጠራል። እስከዚያ አጠገባችሁ ካለችው ጋር «አይ ካን ቴክ ኦቨር» እያላችሁ ተለማመዱ። ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ፣ እዚህ ማዳም የለችም።